«አባትሽን ይዘሽ ነይ» ለሚሉ ቢሮዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለዩኒቨርሲቲዎችና ለኮሌጆች የመግቢያ፣ የሬጅስትራር እና የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ቢሮዎች
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ ለመማር የሚመጡ ተማሪዎችን ይመለከታል

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ።

ዛሬ እኔም ከእናንተው መሰል ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። የምዝገባ ሰሞን ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሰልፉን፣ ሲስተም ሲቋረጥ የሚነሳውን ጩኸት፣ «ማኅተም ይጎድለዋል» ተብሎ የሚመለሰውን ልጅ ፊት አውቀዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከመስኮቱ ማዶ ቆሜ አይቻችኋለሁ። ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው ሁለቱንም ወገን ስለማውቅ ነው።

ያደግሁት ኮሌጅ መግባት በበጎ በማይታይበት የሃይማኖት ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ብናገር ወሬው ሁሉ ስለ አንድ እምነት ይሆናል። እኔ ደግሞ ማውራት የፈለግሁት ስለ ፎርማችሁ ነው። ለነገሩ እንዲህ ያለ ማኅበረሰብ በየእምነቱም በየአገሩም አለ። አሜሪካ ውስጥ ከዘመናዊ ኑሮ ርቀው የሚኖሩት የአሚሽ ክርስቲያኖች ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርሱ ከትምህርት ቤት ወጥተው ወደ እርሻና ወደ እጅ ሥራ ይገባሉ። በአንዳንድ አጥባቂ የአይሁድ ማኅበረሰቦች ወንዶቹ ልጆች ከፍ እያሉ ሲሄዱ ቀኑ ሁሉ ለሃይማኖት መጻሕፍት ይሰጥና ሒሳብና ሳይንሱ ይቀራል። የይሖዋ ምሥክሮች ወጣቶቻቸው ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ ስብከቱን እንዲያስቀድሙ ለረጅም ዓመታት ይመከሩ ነበር። ምክንያቱ እንደየእምነቱ ይለያያል። መስኮታችሁ ላይ የሚደርሰው ልጅ ግን ይመሳሰላል። ፍላጎት አለው፣ ጭንቅላት አለው፣ ከኋላው ግን ሰው የለም።

ልክ አይደለም፤ ላስተካክለው። ሰውማ አለ። እናት አለች፣ አባት አለ፣ ወንድምና እህት አለ። ይወዱታል። በዚህ ጉዳይ ግን አብረውት አይቆሙም። የእናንተ ፎርም የማያውቀው ይሄንን ነው። ፎርማችሁ የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ተማሪ ነው፤ ቤተሰቡ የሚደግፈውን እና ቤተሰብ የሌለውን። በመሃል ያለው የት ይግባ?

እኔ የገንዘብ ድጋፍ ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት የተቀበለችኝ ሴትዮ ትሁት ነበረች። ፎርሙን አገላበጠችና የወላጅ ፊርማ የሚለው ቦታ ባዶ መሆኑን አየች።

«ወላጆች አሉሽ?»

«አሉኝ።»

«በሕይወት?»

«አዎ፣ በሕይወት።»

«ታዲያ አባትሽን ይዘሽ ነይ።»

«አይመጣም።»

«ተጣልታችኋል?»

«ኧረ አልተጣላንም።»

እውነቴን ነበር። ያን ዕለት ጠዋት አባቴ መርቆ ነው የሸኘኝ፤ ወደ ሥራ የምሄድ መስሎት። ሴትዮዋ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ሁለቱን ሳጥኖች እየነካካች አሳየችኝ። አንዱ «የወላጅ ገቢ» ይላል፤ ሌላው «ወላጅ የሌለው/የሌላት» ይላል። «ከሁለቱ የቱ ነሽ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ መነጫነጭ ጀመረ። እሷም «እንግዲህ ሲሟላልሽ ተመለሺ» ብላ ፎርሙን መለሰችልኝ።

ለእናንተ ፊርማ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አባቴ ዘንድ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ቢፈርም ልጁን ራሱ ለዓለም አሳልፎ እንደሰጠ ይቆጠርበታል። ሽማግሌዎቹ ጠርተው ያነጋግሩታል። በጉባኤ ፊት ቆሞ እንዲያስተምር የሚሰጠው ተራ ቀስ እያለ ይቀራል። ታናሽ እህቴን ለልጃቸው ያሰቡ ቤተሰቦች ደግሞ ሌላ ቤት ይፈልጋሉ። ይሄን ሁሉ አባቴ አንድም ቀን አፍ አውጥቶ አልነገረኝም። ነገር ግን እኛ ዘንድ ያደገ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። ስለዚህ «አስፈርሚ» ስትሉኝ ወረቀት አምጪ ማለታችሁ ብቻ አልነበረም። አባቴን ከሚኖርበት ሰው ሁሉ ጋር አጋጪው ማለታችሁም ነበር።

ኮሌጅ እኛ ዘንድ በአዋጅ አልተከለከለም። ማንም ተነስቶ «ብትሄጂ እረግምሻለሁ» አላለኝም። ነገሩ ከዚያ የረቀቀ ነው። መጀመሪያ ምክር ይመጣል፤ «ምን ሊጠቅምሽ?» ይሉሻል። ቀጥሎ ኮሌጅ ገብቶ ልቡ የሸፈተው የእገሌ ልጅ ታሪክ ይተረካል። ያም ካልሠራ ዝምታው ይጀምራል። ከጸሎት በኋላ ከበውሽ ያወሩ የነበሩ ሴቶች ፈንጠር ብለው ይቆማሉ። እናትሽን «ልጅሽ እንዴት ሆነች?» ብለው ሲጠይቋት የሆስፒታል በሽተኛ የሚጠይቁ ይመስላሉ። በደል ተብሎ የሚመዘገብ አንድም ነገር የለም። ፎርማችሁ «በደል ደርሶብሻል?» ብሎ ሲጠይቀኝ «አልደረሰብኝም» ብዬ የሞላሁት ለዚህ ነው።

ፍርሃታቸውም ዝም ብሎ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ይሄን ብክድ ዋሸሁ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ማኅበረሰብ ውስጥ የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም። ሥራ የፈታ ሳይለምን ይረዳል። የሞተበት ሰው ቤት ለቀናት አይጎድልም። ያን ኑሮ ያቆመው ሁሉም እዚያው መኖሩ ነው፤ አንድ ሰው ሲወጣ ሌላው ላይ ሸክም ይጨመራል። ደግሞም ኮሌጅ ገብተው የቀሩ አሉ። ያንን ያየ ወላጅ ቢፈራ አይፈረድበትም። እኔ የማልስማማው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። «ትምህርት አስኮበለለው» ይባላል። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ግን የቀሩት ትምህርቱ አስኮብልሏቸው ሳይሆን ሲመለሱ የሚያናግራቸው ስላጡ ነው።

እስቲ ወደ ሕግ ልግባ። መቼም እናንተ ቢሮ «መመሪያው ምን ይላል?» ካልተባለ ነገር አይንቀሳቀስም።

በዚህ ጉዳይ በጣም የሚጠቀሰው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 የወሰነው የዊስኮንሰንና የዮደር ክርክር ነው። የዊስኮንሰን ግዛት ሕግ ያኔ ልጆች እስከ 16 ዓመታቸው እንዲማሩ ያስገድድ ነበር። ዮደርን ጨምሮ ሦስት የአሚሽ አባቶች በእምነታቸው ምክንያት ልጆቻቸውን ከስምንተኛ ክፍል በላይ አንልክም አሉና እያንዳንዳቸው አምስት ዶላር ተቀጡ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ አባቶቹ ረቱ። ይሄን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያነበው ዳኛ ዊልያም ዳግላስ የጻፉትን የልዩነት ሐሳብ ነው። ዳግላስ ያነሱት ነገር አጭር ነው፤ ለመሆኑ ልጆቹን የጠየቃቸው አለ? በዚህ ውሳኔ አደጋ ላይ የሚወድቀው የተማሪው የወደፊት ሕይወት እንጂ የወላጆቹ አይደለም አሉ። ከልጆቹ ቀርባ የራሷን እምነት የተናገረችው አንዷ ብቻ ነበረች። እሷም ሁለተኛ ደረጃ መማሩን አልፈለገችም። ስለዚህ ዳኛው በእሷ አባት ጉዳይ ከሌሎቹ ጋር ተስማሙ። በቀሩት ግን ልጆቹ ይጠየቁ ብለው ለዩ። እኔ እኚህን ዳኛ የምወዳቸው ለዚህ ነው። «አልማርም» ያለችውንም አክብረዋታል።

ዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጸድቅ በአንቀጽ 26 ሁለቱንም ወገን ጽፏል። ከፍተኛ ትምህርት በችሎታ ለሁሉም እኩል ክፍት ይሁን ይላል። እዚያው ዝቅ ብሎ ደግሞ ለልጆቻቸው የሚሰጠውን የትምህርት ዓይነት የመምረጥ ቅድሚያ መብት የወላጆች ነው ይላል። የኛ ሽማግሌዎች ሁለተኛውን ይጠቅሳሉ። ይጥቀሱ፤ እኔ አልከራከርም። ክርክሩ ግን ስለ ልጆች ነው። የሕፃናት መብቶች ስምምነት በመርህ ደረጃ ሕፃን የሚለው ከ18 ዓመት በታች ያለውን ነው። እናንተ መስኮት ላይ የቆመው ሰው 19 ወይም 20 ወይም 22 ዓመቱ ነው። ወንጀል ቢሠራ ራሱ ይታሰራል። ቢበደር ራሱ ይከፍላል። ታዲያ ሊማር ሲመጣ ምን ሆኖ ነው ልጅ የሚሆነው?

ይሄ የአንድ አገር ችግር እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ አሠራር 24 ዓመት ያልሞላው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ፣ በወላጅ ሥር እንዳለ ይቆጠራል። ወላጅ መረጃ አልሰጥም ቢል፣ ወይ ሰባራ ሳንቲም አልከፍልም ቢል፣ ያ ብቻውን ተማሪውን ራሱን የቻለ አያሰኘውም። የሚቀርለት ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ወለድ የሚቆጠርበት ብድር ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ዕድሜው 25 ነው። ከእነዚያ ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ምን መሰላችሁ? ማግባት። በሁለቱም አገሮች ያገባ ተማሪ በዕድሜ ልጅ ቢሆንም ራሱን እንደቻለ ይቆጠራል። ይሄን መጀመሪያ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ሽማግሌዎቻችንም «ኮሌጁን ተዪውና አግቢ» ነበር የሚሉኝ። ለካ ከፎርሙ ጋር ሳይተዋወቁ ተስማምተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙዎቻችሁ ይሄን ስታነቡ «እኛ እኮ ከቤተሰብ ለተለዩ ተማሪዎች ልዩ አሠራር አለን» ትላላችሁ። ልክ ነው፤ አላችሁ። በእንግሊዝ ከወላጆቹ ጋር የተቆራረጠ ተማሪ ያለ ወላጅ ገቢ ድጋፍ ይጠይቃል። በአሜሪካም ወላጆቹ የጣሉት ወይም ግንኙነታቸው ጨርሶ የተበጠሰበት ተማሪ፣ የትምህርት ቤቱ ባለሙያ ካመነበት፣ በልዩ ሁኔታ ይታያል። መልካም ነገር ነው፤ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ግን ቃሉን ልብ በሉት፤ «የተቆራረጠ» ነው የሚለው። ድጋፉ የተሰጠው ለተቆራረጠ ነው። ላልተቆራረጠ፣ ላለመቆራረጥ ለሚታገል፣ ምንም የለም።

አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ ነበር። እሱም እንደኔ ካለ ቤት ነው የመጣው። አባቱ አኩርፎታል፤ እናቱ ግን ማታ ማታ ደብቃ ትደውልለት ነበር። ድጋፉን ለማግኘት ከወላጆቹ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ማስረዳት ነበረበት። «ማንኛውም ግንኙነት» ይላል ወረቀቱ። ልጁ ውሸት አይችልም፤ አስተዳደጉ ነው። ስለዚህ እውነት እንዲሆን አደረገው። የእናቱን ስልክ ማንሳት ተወ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ስክሪኑ ላይ «እማ» ይላል። እሱ ስልኩን በፊቱ ደፋውና መጽሐፉን ገለጠ። ገጹን ግን አልቀየረውም።

ድጋፉን አገኘ። ማኅበረሰቡ ያላደረገውን፣ ማለትም ልጁን ከእናቱ የመለየቱን ሥራ፣ የተማሪዎች ድጋፍ ቢሮ ጨረሰው። ሽማግሌዎቹም «አላልናችሁም? ኮሌጅ የገባ እናቱን ይረሳል» አሉ። ምን ይመለስላቸዋል?

ማስረጃውም ሌላ ጣጣ ነው። የኔ ፎርም «ሁኔታውን የሚያረጋግጥ የታወቀ ሰው ደብዳቤ» ይል ነበር። በቅንፍ ምሳሌ ዘርዝሯል፤ ሐኪም፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ የሃይማኖት መሪ። የሃይማኖት መሪ! «አትሂጂ» ብሎ አባቴን ያነጋገረውን ሰው ሄጄ «መሄዴን እንደተቃወሙ ይጻፉልኝ» ልበለው?

የምጠይቃችሁ አንድ ሦስተኛ ሳጥን ነው። «ወላጅ አለ፤ ትምህርቱን አይደግፍም፤ ግንኙነታችን ግን አለ» የሚል። ለዚያ የሚሆን ማስረጃም አይጠፋም። የተማሪው የራሱ ቃል ይኑር። አስተማሪው ወይም ቀጣሪው ይጻፍ። የባንክ እንቅስቃሴው ከቤት ገንዘብ እንደማይመጣለት ያሳያል። አንድ ሰው አስቀምጦ ግማሽ ሰዓት ያናግረው፤ እውነተኛው ነገር ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይወጣል። በየዓመቱም ይታደስ። ሁኔታው ከተቀየረ ይቀየራል፤ አንዳንድ አባት ሁለተኛ ዓመት ላይ ይፈርማል።

«እንዲህ ከከፈትነው የሀብታም ልጅ ሁሉ አባቴ አይደግፈኝም እያለ ይመጣል» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኛም ቢሮ ይሄው ነው የሚባለው። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አታላዩ ተማሪ ደብዳቤው ቤቱ ቢላክ አይጨነቅም። እኛ የምንለው ልጅ ገና ከመቀመጡ የሚጠይቃችሁ «ወደ ቤት ደብዳቤ ትልካላችሁ?» ብሎ ነው። ይሄን ጥያቄ የጠየቃችሁን ሰው በደንብ አድምጡት።

የደብዳቤው ነገር ከተነሳ ልቀጥል። የኔ የመግቢያ ደብዳቤ በወላጆቼ አድራሻ ነው የተላከው። ትልቅ ፖስታ፣ ፊቱ ላይ የተቋሙ ዓርማ በቀለም። የተቀበለው የጎረቤት ሰው ነው። እኔ ከሥራ እስክመለስ አባቴ ሰምቷል፣ ከአባቴ በፊትም ሌሎች ሰምተዋል። ራሴ ልነግረው ቃል ስመርጥ የከረምኩበትን ነገር ፖስታ ነገረው። ማንም ክፉ አላሰበም። ሲስተሙ ውስጥ የነበረው አድራሻ ያ ብቻ ስለነበር ነው።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት የትምህርት መዛግብት ሕግ፣ ተማሪ 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ወዳለ ተቋም ሲገባ በመዝገቡ ላይ ያለው መብት ከወላጅ ወደ ራሱ ይተላለፋል። እዚያም ቢሆን ቀዳዳ አለው። ወላጅ ለግብር ሲባል ልጁን በሥሩ ካስመዘገበ ተቋሙ መረጃውን ሊያሳየው ይችላል። የናንተ አገር ሕግ ምንም ይበል ምን፣ ይህን ለማድረግ ግን ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። መዝጋቢው ሁለት ጥያቄ ይጨምር። «ደብዳቤ በየት እንላክልሽ? ስንደውል ሌላ ሰው ቢያነሳ ምን እንበል?» በቃ። የሚወስደው ጊዜ የማይረባ ነው።

ስለ ትምህርቱ ብዙ አልናገርም፤ ይሄኛውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ክፍተት ይዘን ነው የምንመጣው። አንዳንዶቻችን ትራንስክሪፕት የለንም፤ የተማርንበት ቤት ወይም ትንሽ ትምህርት ቤት ማኅተም የለውም። ያ ግን መፍትሔ ያጣ ነገር አይደለም። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ተመሥርቶ ከ1971 ጀምሮ ሲያስተምር፣ ለአብዛኞቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶቹ የቀድሞ ውጤት አይጠይቅም። ሰውየው መጀመሪያ ገብቶ ይሞክር፤ ሲችል ያኔ ይታያል። ከሒሳቡ በላይ የሚጥለን ደግሞ ሌላው ሁሉ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ወሬ ነው። ሲላበስ የሚባለው የኮርስ ዕቅድ ምን እንደሆነ የሚነግረን ታላቅ ወንድም የለንም። አድና ድሮፕ የሚባል፣ ኮርስ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት ነገር እንዳለ የሰማሁት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። የመምህሩ በር ላይ የተለጠፈውን የቢሮ ሰዓት ደግሞ እሱ ሥራ የሚሠራበት፣ ሰው የማይረብሽበት ሰዓት ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ለካ ተማሪ መጥቶ የሚጠይቅበት ነው። አንድ ከፍ ያለ ተማሪ መድባችሁ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ቢያያዙ ብዙው ነገር ይቀላል።

አሁን ደግሞ ትንሽ የሚያስቀይማችሁን ልናገር። እባካችሁ አታድኑን።

ገና ታሪኬን ሳልጨርስ «እንኳን ከዚያ ወጣሽ!» ያለኝን ሰው ቁጥር አላውቀውም። አስተማሪዎች ብለውኛል፣ አማካሪዎች ብለውኛል። እኔ ግን አልወጣሁም። ሒሳብ አያያዝ ልማር ነው የመጣሁት። አሁንም እጸልያለሁ። የናቴን እምነት የሚያንኳስስ ሰው ፊት ስቀመጥ፣ ቤት ያስጠነቀቁኝ ነገር እውነት መስሎ ይታየኛል። ከመካከላችን እምነቱን የሚተው አለ፤ መብቱ ነው፤ እሱንም እርዱት። የማይተወውን ደግሞ ካልተወ እንዳልተማረ አትቁጠሩት። የማስታወቂያ ብሮሹር ላይ «ከጨለማ ወደ ብርሃን» ብላችሁ ፎቶዬን ልታወጡ ስትጠይቁኝ እምቢ ያልኩትም ለዚህ ነው። ጨለማ ያላችሁት የእናቴ ቤት ነው።

እንደውም ነገሩን ወደ ኋላ ሄዶ ላየው፣ በሩ አንዳንዴ ከናንተ በኩልም ተዘግቶ ያውቃል። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1871 ሕግ እስኪወጣ ድረስ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አባል ላልሆነ ሰው በብዙ መልኩ ዝግ ነበሩ። ካቶሊኩም፣ አይሁዱም፣ ሌላው ፕሮቴስታንትም «እምነትህን ተውና ና» የተባለበት ዘመን ነበር። ዛሬ እንዲያ ብሎ የሚጽፍ የለም። በአነጋገር ግን አንዳንዴ ይመለሳል።

ከውስጥ የተነሱ ሰዎችም እንዳሉ አትርሱ። አዲና ባር ሻሎም የእስራኤል ዋና ረቢ የነበሩት የኦቫድያ ዮሴፍ ልጅ ናቸው። አጥባቂ አይሁዶች እምነታቸውን ሳይለቁ ዲግሪ የሚይዙበትን ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2001 ኢየሩሳሌም ውስጥ መሠረቱ፤ በ2014 «የእስራኤል ሽልማት» የተባለውን የአገሪቱን ትልቅ ሽልማት ተሸለሙ። የረቢ ልጅ ስለሆኑ የሚሰማቸው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ደግፉ። ግን ይሄም የሚጠቅመው ማኅበረሰቡ «እሺ» ላለው ነው። ብቻዋን ተደብቃ ለመጣችው ልጅ መልሱ አሁንም መስኮታችሁ ላይ ነው ያለው።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። የረጅም ዕረፍት ሲመጣ ማደሪያው ይዘጋል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ታስቦ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ዕረፍት የት እንዳሳለፍኩ ማውራት አልፈልግም። ቤት መሄድ እችል ነበር። ግን ያኔ ከሄድኩ እንደማያስመልሱኝ አውቅ ነበር፤ በጉልበት ሳይሆን በልመና። እናቴ ብታለቅስ የምቀር ሰው ነበርኩ። አንድ ፎቅ ክፍት ይሁን። የሚቆየው ሰውም ለምን እንደሚቆይ በአደባባይ ማስረዳት አይጠበቅበት። ደግሞ የሃይማኖት በዓል ቀን ፈተና ሲወድቅ ቀን መቀየር የሚቻል ከሆነ፣ የሚቻል መሆኑን በግልጽ ጻፉት። እኛ ልዩ አስተያየት መጠየቅ ያልለመድን ሰዎች ነን። ካልተጻፈ ዝም ብለን ከሁለቱ አንዱን እናጣለን።

አለቆቻችሁ ዘንድ ለማቅረብ እንዲመቻችሁ የምጠይቀውን በአጭሩ ላስቀምጠው። ሦስተኛው ሳጥን ለሚቀጥለው ምዝገባ ይድረስ። መመሪያ ማሻሻል ዓመት ይፈጃል ካላችሁ፣ ፎርሙ ሳይቀየርም ቢሆን እንዲህ ያለውን ማመልከቻ የሚቀበል አንድ ሰው በስም መድቡና መስኮቱ ላይ ለሚቀመጡት ንገሯቸው። አድራሻና ስልኩ ላይ ያልኳችሁን ሁለት ጥያቄ ግን ነገ ጠዋት መጀመር ትችላላችሁ፤ የማንንም ፊርማ አይፈልግም። እኛ ቢሮ ጀምረነዋል። ጥያቄው ሲነሳ ቀና ብለው የሚያዩንን ልጆች አሁን አሁን እየለየናቸው ነው።

ስሜን ያልጻፍኩት እናንተን ፈርቼ አይደለም። አባቴ በመጨረሻ ምረቃዬ ላይ ተገኝቷል፤ ከኋላ ወንበር፣ ብቻውን። እሱና እናቴ ዛሬም እዚያው ይኖራሉ። ታናሽ እህቴም ገና አላገባችም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት የቀድሞ አመልካች፣ የዛሬ የሬጅስትራር ሠራተኛ